ከባቡር ወርጄ የተሳለምኩ ዕለት

አባቴ «ቤተ ክርስቲያን አይተህ ሳትሳለም እንዳታልፍ» ይለኝ ነበር። ልጄን ልጠይቅ ከደብረ ታቦር ጣሊያን ሄጄ ብቻዬን በባቡር ስጓዝ፣ አንድ ጣቢያ ላይ እንደቆምን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየሁ። እንደኛ አገር አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሎኝ ዘልዬ ወረድኩና ሦስት ጊዜ ሰገድኩ። ቀና ስል ባቡሩ የለም! ለልጄ የያዝኩላት በሶም አብሮ ሄዷል። «ኧረ እመቤቴ፣ ልጄን በምን ላግኛት?» ብዬ ጮኽኩ።

ደግነቱ ትኬቱና የልጄ ስልክ ቁጥር ኪሴ ነበሩ፤ እናንተም ስትሄዱ ከኪሳችሁ አታውጧቸው። ጣቢያውን የምትጠርግ ያገሬ ልጅ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች መጣች። መውረጃዬ ጣቢያ ላይ ለምትጠብቀኝ ልጄ ደውላ በሶውን ከባቡሩ እንድታወርድ ነገረቻትና፣ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ አይደንግጡ፤ ቀጣዩ ባቡር አሁን ይመጣል፣ በዚሁ ትኬት ይሄዳሉ። ከእንግዲህ ግን ከወንበርዎ ሳይነሱ ይሳለሙ፤ እግዜር በመስኮትም ያያል!»