ጉድጓዱን የሚቆፍረው ሰው

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ ላፕቶፕ የታቀፈ ተማሪና አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ምን እንዲህ ያስተክዝሃል ልጄ?»

«የመመረቂያ ጽሑፌ ነው እማማ። የጎልፍ ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ሦስቴ ሳትኩ። የፊታችን እሁድም ከሳትኩ አማካሪዬ ርዕስ ቀይር ብሎኛል።»

«ጎልፍ? ድሮ ወንጂ ፈረንጆቹ ይጫወቱት የነበረውን?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«ሟች ባለቤቴ አይደል ሣሩን ያጭድ የነበረው። ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድም በየጠዋቱ ቦታ እየቀያየረ የሚቆፍረው እሱ ነበር። ቁርሱን እየበላ ‹ዛሬ ቀዩ ፈረንጅ ነው የሚያሸንፈው› ይለኛል። እንዳለውም ይሆናል።»

«እሳቸው በምን ያውቃሉ?»

«ማን ወደ ግራ፣ ማን ወደ ቀኝ እንደሚስት ያውቃላ። ጉድጓዱ የት እንዳለ ደግሞ ከሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንተስ፣ ቆፋሪውን አስገብተኸዋል?»

ልጁ ሳቀ። «ነፋሱን አስገብቻለሁ፣ የተጫዋቾቹን የድሮ ውጤት አስገብቻለሁ። የቆፋሪውን ስም ግን የሚመዘግብ የለም።»

«የኔውን ቆፋሪም የመዘገበው የለም። ሜዳውንም ሸንኮራ ዋጠው።»

ልጁ ላፕቶፑን ከፈተ። «ስማቸው ማን ነበር?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ርዕሱ ቢቀየርም የምስጋናው ገጽ አይቀርም።»

«ቶላ» አሉ ቀስ ብለው። «ፊደል ያልቆጠረውን ሰውዬ መጽሐፍ ላይ ልታወጣው ነው?»

እኔ ከኋላ ባርኔጣዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።