ደመራው የቆመበት ሳር

በአንዲት የወሎ ከተማ፣ የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት፤ ደመራው በኮሌጁ አዲስ ሰው ሠራሽ ሳር ሜዳ መሀል ተተክሏል፤ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ እየመጣ ሳለ የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ ዘምዘምና የሰፈሩ የደመራ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ጥላዬ የሜዳው በር ላይ ይጨቃጨቃሉ።

ዘምዘም፦ አያ ጥላዬ፣ አሁኑኑ ይነሣ ስልዎ እየለመንኩዎት ነው እንጂ እያዘዝኩዎት አይደለም።

አያ ጥላዬ፦ ደመራ ችግኝ ነው እንዴ ከዚህ ነቅለሽ እዚያ የምትተክይው? እዚህችው መሀል ሜዳ ላይ አባቴም አቁሟል፣ እኔም አቁሜያለሁ። የቆመ ደመራ ሲነቀል አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ዘምዘም፦ ያኔ ሳር ነበራ!

አያ ጥላዬ፦ አሁንስ ምንድን ነው? «ሳር ነው» ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም?

ዘምዘም፦ ሰው ሠራሽ ሳር ነው ያልነው።

አያ ጥላዬ፦ እሱንስ የጎረቤቴ በግ ቀድማ ነግራኛለች። ያነጠፋችሁት ዕለት ገብታ አሽትታው ተመለሰች። እኔ ግን የማምነው የኮሌጃችሁን ኃላፊ፣ ዲኑን ነው። በስብሰባው ላይ «አባቶች፣ አትስጉ፤ ሳሩ ተለወጠ እንጂ ሜዳው ያው ሜዳችሁ ነው፤ ደመራችሁም እንደ ወትሮው መሀሉ ላይ ይቆማል» ብሎ ማለልን። አጨበጨብን። አንቺም አጨብጭበሻል።

ዘምዘም፦ እኔ ያጨበጨብኩት ሜዳ አገኘን ብዬ ነው! የደመራዋን ነገር ሰዉ እንዳይነሣበት ፈርቶ የጣላት ቃል መስላኝ ነበር። እስከዚያ ሌላ ቦታ ያዘጋጃል ብዬ...

አያ ጥላዬ፦ አላዘጋጀማ።

ዘምዘም፦ አላዘጋጀም። ስልኩም ዝግ ነው።

አያ ጥላዬ፦ አዲስ አበባ ሄዷል አሉ፤ እህቱ ዘንድ በዓል ሊውል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ዘምዘም፦ እናንተስ ዝም ብላችሁ ትተክላላችሁ? ምንጣፉን በገጀራ ቀደዳችሁት እኮ! ዘበኛው ሲነግረኝ በሩጫ ነው የመጣሁት።

አያ ጥላዬ፦ ታዲያ ምሰሶው በአየር ይቁም? ጉድጓድ ይፈልጋል። ቀደድን፣ ቆፈርን፣ አቆምን። ለጨርቁ ነው እንዲህ የምትሆኚው?

ዘምዘም፦ ጨርቁ ገደል ይግባ! ፈርቻለሁ፣ አያ ጥላዬ፤ አይቀልዱብኝ።

አያ ጥላዬ፦ ተይኝ ልቀልድ፤ ካልቀለድኩ እኔም ልፈራ ነው። እስቲ ረጋ ብለሽ ንገሪኝ። ሳር ላይ ስናነድ ነው የኖርነው። መሀሉ ላይ ክብ ጠባሳ ይቀራል፣ ትንሽ ቆይቶ ከአመዱ ሥር ከሌላው ሁሉ የለመለመ ሳር ይወጣል። ልጆቹ ጨዋታ የሚያስጀምሩትም እሱ ላይ ነበር።

ዘምዘም፦ ያ ሕይወት ያለው ነዋ! ሥሩ አፈር ውስጥ ነው፤ እርጥብ ነው። እሳት ሲነካው ይጠወልጋል እንጂ አይያያዝም። ይሄ ግን ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ነው። መሀል ለመሀል የተበተነውን ጥቁር ፍርፋሪ አይተውታል?

አያ ጥላዬ፦ ያ ጥቁር አዝሙድ የሚመስለው? ጫማዬን ሞልቶት ነው የዋለው።

ዘምዘም፦ የመኪና ጎማ ነው። ተፈጭቶ።

አያ ጥላዬ፦ ጎማ?

ዘምዘም፦ አሮጌ ጎማ። ሜዳው ሙሉ። ጎማ ሲነድ አይተው የለም?

አያ ጥላዬ፦ አይቻለሁ። እሱንስ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ይህን ምን ብላችሁ አመጣችሁብን? ያ ሳር ምን በደላችሁ?

ዘምዘም፦ በድሎናል እንጂ! ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ከጥር ወዲያ ሳር የሚባል ነገር የት ነበር? ልጆቼ የሚወድቁት ጠጠር ላይ ነው። ግብ ጠባቂዬ ጭቃው አንሸራትቷት ትከሻዋ ሲወልቅ ወጌሻ ጋ የወሰዷት እርስዎ አይደሉም?

አያ ጥላዬ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ሳሩ ውሃ ተጠምቶ ነው እንጂ ጠልቷችሁ አይደለም። ለሳር አንድ ቧንቧ የነፈገ ኮሌጅ፣ ለፕላስቲክ የሽቦ አጥር አጠረለት!

ዘምዘም፦ የአጥሩን ነገር አነሡልኝ! ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ድሮ ሜዳው በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነበር፤ ነፋስ እሳቱን ወደ ሰው ካዘነበለው ሰዉ በየአቅጣጫው ይበተናል። አሁን መውጫው ይህቺ የቆምንባት በር ብቻ ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም።

አያ ጥላዬ፦ ኧረ በማርያም አታሟርቺ!

ዘምዘም፦ ሟርት አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ ሊገባ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። ግማሹ ልጅ ኮንጎ ጫማ ነው የተጫማው። ደመራው ሲወድቅ፣ ምንጣፉ ሲያያዝ፣ ጭሱ ሲጠቁር፣ አንዱ «እሳት!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ወደዚህች በር...

አያ ጥላዬ፦ በቃ! በቃ አልኩሽ። ሆታው ይሰማሻል?

ዘምዘም፦ ይሰማኛል። የት ደርሰዋል?

አያ ጥላዬ፦ ወፍጮ ቤቱ ጋ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ነው።

ዘምዘም፦ እንግዲያው ሳይቃጠል በቅጠል! ያውልዎ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ ልጆቼ የሚያሟሙቁበት የድሮው ሳር አለ። ሜዳውን የጠረገው ማሽን አልነካውም። ዝናብ እንዳጠገበው ነው። እዚያ ይቁም።

አያ ጥላዬ፦ ነገሩ ለአፍ ይቀላል። ደመራው ተነቅሎ ሲያዩ ሰዎቹ ምን የሚሉ ይመስልሻል? «ኮሌጁ ደመራችንን አስነቀለ» ነው የሚሉት። አንዱ በስልኩ ይለቀዋል፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ከተማውን ያዳርሰዋል። ድንጋይ የሚያነሣ አይጠፋም፤ ድንጋይ ከተነሣ ደግሞ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። እኔ እሳቱን አይደለም የምፈራው፤ ሰዉን ነው።

ዘምዘም፦ እኔም ሰዉን ነው የምፈራው። ከእርስዎ ይበልጥ።

አያ ጥላዬ፦ አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?

ዘምዘም፦ ስሜ ዘምዘም ነዋ።

አያ ጥላዬ፦ ኧረ በመስቀሉ! እዚህ ሰፈር ይህን ማን ያነሣል? እንጨቱን በጋሪ ያመጣልን አባትሽ ሰይድ አይደለም? መስጊዱ ሲሠራ ድንጋይ ስናቀብል የዋልነው እኛ አይደለንም?

ዘምዘም፦ የሚያውቁኝማ አያነሡትም። ከላይኛው ከተማ የሚመጣው ጎረምሳ ግን የት ያውቀኛል? «ዘምዘም የምትባል ደመራ ከለከለች» ከተባለ ወሬው ይበቃዋል። አባቴ ደግሞ ጋሪውን ይዞ እዚያው ሰልፉ መሀል ነው ያለው። ለፖሊስም ለማንም ሳልናገር እርስዎ ጋ የሮጥኩት ለዚህ ነው።

አያ ጥላዬ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ዲኑ ምሎ ሄደ፤ ለእኔና ለአንቺ እሳቱን ተወልን። ግን እኮ ነገሩን አግዝፈሽው ሊሆን ይችላል። የሸጡላችሁ ሰዎች እሳት አይፈራም አላሏችሁም?

ዘምዘም፦ ሲጋራ ቢወድቅበት አሉ እንጂ ደመራ ቢነድበት አላሉም። ይኸው፣ ለጉድጓዱ ስትቀድዱት ከወጣው ቁራጭ። እዚህ ድንጋዩ ላይ ይሞክሩት።

አያ ጥላዬ፦ እስቲ ክብሪት... ይኸው ለኮስኩ። አየሽ? ጠፋ። በከንቱ ነው ነፍሴን ያወጣሻት።

ዘምዘም፦ የክብሪት እንጨት ነዋ። ችቦ ያስጠጉበት።

አያ ጥላዬ፦ እሺ፣ ይህቺን ችቦ... ይኸው... ኧረ! ኧረ ይንጠባጠባል!

ዘምዘም፦ አይርገጡት!

አያ ጥላዬ፦ ረገጥኩት! ጫማዬ ላይ ተለጠፈ!

ዘምዘም፦ ያውልቁት! ጫማውን ያውልቁ፣ ወዲያ ይጣሉት!

አያ ጥላዬ፦ አይጠፋም እኮ! ጫማዬ ላይ ሆኖ ይነዳል! ምን ዓይነት ጉድ ነው... ጭሱ... ጉሮሮዬን...

ዘምዘም፦ ዞር ይበሉ፣ አፈር ላልብሰው። ወላሂ አልጠፋ አለ... ይኸው፣ ጠፋ። እግርዎስ?

አያ ጥላዬ፦ እግሬን ተይው። ይህቺ እኮ መዳፍ የማታህል ቁራጭ ናት።

ዘምዘም፦ አዎ።

አያ ጥላዬ፦ ሜዳው ደግሞ...

ዘምዘም፦ አዎ።

አያ ጥላዬ፦ ሰው ከእሳቱ በኋላ አመዱን አንሥቶ የልጁ ግንባር ላይ መስቀል ይሠራበታል። ለበረከት ነው፤ ዓመቱን በሰላም እንዲያሳልፈው። ይህን ሙጫ፣ ይህን የቀለጠ ጎማ ነው የሕፃን ግንባር ላስቀባ የነበረው? አንተ ፈጣሪ፣ ምን ላደርግ ነበር!

ዘምዘም፦ ሆታው ቀረበ፣ አያ ጥላዬ።

አያ ጥላዬ፦ ቆይ እስቲ። ልቀመጥ።

ዘምዘም፦ አይቀመጡ! እርስዎ ከተቀመጡ እኔ ምን ይዤ እቆማለሁ? ይሁን፣ እኔው እነግራቸዋለሁ። በሩን ዘግቼ ፊቱ እቆማለሁ።

አያ ጥላዬ፦ ምን ልትይ?

ዘምዘም፦ እውነቱን። ሳሩ ፕላስቲክ ነው፣ ሥሩ ጎማ ነው፣ ልጆቻችሁ ይቃጠላሉ እላለሁ።

አያ ጥላዬ፦ ሁለተኛዋን ቃል አያስጨርሱሽም። ሆ ብሎ የሚመጣ ሕዝብ ማብራሪያ ይሰማል እንዴ?

ዘምዘም፦ ታዲያ ገብተው ይንደዱ? ይህን ሜዳ ደጅ ጠንቼ ያስመጣሁት እኔ እኮ ነኝ! ልጆቼ እንዳይወድቁብኝ ብዬ። የሰው ልጅ ከሞተበት ሁለተኛ ኳስ ዓይኔ አያይም። ፈርቻለሁ። ግን እቆማለሁ።

አያ ጥላዬ፦ መዝጊያውን ዝጊ።

ዘምዘም፦ ልቆልፈው?

አያ ጥላዬ፦ ቁልፉን አታዙሪው፤ ምሰሶው በዚያው ነው የሚወጣው። አሁን ከኋላዬ ሁኚ።

ዘምዘም፦ በአንድ እግር ጫማ የት ይሄዳሉ?

አያ ጥላዬ፦ እንዲህ ሆኜ ቢያዩኝ ይሻላል። ሳይስቁብኝም ሳይደነግጡልኝም አይቀሩ፤ ሁለቱም ያቆማቸዋል።

ዘምዘም፦ ጃንጥላው ታየ። ካህናቱ ከፊት ናቸው፣ ጎረምሶቹ ከኋላ ይገፋሉ። ምን ሊሏቸው ነው? ዲኑ ነው ያሳሳተን ይበሉ፤ እውነትም እሱ ነው።

አያ ጥላዬ፦ ዲኑ ካልኩ ኮሌጁን ይወግራሉ። ኮሌጁ ካልኩ አንቺን ያያሉ።

ዘምዘም፦ ታዲያ ማንን ሊሉ ነው?

አያ ጥላዬ፦ ዝም በይ። ስሙኝማ ወገኖቼ! ቁሙ! እዚያው ቁሙ! ማንንም ሳልጠይቅ ደመራውን ጎማና ፕላስቲክ ላይ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ የጃጀሁት ጥላዬ! ልትወግሩኝ የፈለጋችሁ ይኸው ቆሜላችኋለሁ፤ ያልፈለጋችሁ ግን ኑና ምሰሶ አንሡልኝ!