የጡሩምባ ነፊው ጉልበት

ርሆቦት አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጋሽ ጉዲናን በአንድ እግራቸው ቆመው ስታያቸው፣ «ዛሬም ወጌሻ ቤት ሊሄዱ ነው!» ብላ በገነች። እሳቸው የሰፈሯ እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ እሷ ሆስፒታል የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት። ባለፈው ሳምንት የቁስቋም ዳገት ላይ ጉልበታቸው ተቆልፎባቸው የላይኛው ሰፈር መርዶ ሳይሰማ ቀረ፤ እትዬ ንግሥት በስምንት ሰው ተቀበሩ። የእድሩ ሰብሳቢም «ካልዳኑ ጡሩምባውን ያስረክቡ» ብለዋቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት የነፉትን!

«ጋሼ፣ የሐኪሙ ቀጠሮስ?»

«ጎረቤቴን ስለሺን ጉልበቱ ውስጥ ብረት ከከተቱበት ወዲህ ቢላዋ ያለበት ቤት አልገባም፣ ልጄ። ወጌሻው ገጭ ሲያደርገው ይከፈታል።»

«ይከፈትና መልሶ ይቆለፋል! ስንቴ ልንገርዎት? ጋሽ ስለሺ እኮ የአጥንታቸው ልባስ አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭባቸው ነው መገጣጠሚያቸው የተቀየረው።»

«ወንድምሽ ኢዮሲያስስ አልተቀደደም?»

«እሱ ኳስ ሲጫወት ጅማቱ ተበጥሶ ነው፤ በሌላ ጅማት ተተካለት። የእርስዎ ግን በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ ነው የተቀደደው። ቅዳጁ በር ሥር እንደገባ ጠጠር እየተቀረቀረ ይቆልፍዎታል። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ወይ ይሰፉታል፣ ወይ ቆርጠው ያወጡታል። ብረት የለ፣ ምን የለ!»

«አልቀደድም አልኩ፣ በቃ!»

ወይ ግትርነት! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሰፈሩን የሚመክሩት እኮ እሳቸው ናቸው። ርሆቦት ትዕግሥቷ አለቀ።

«እንግዲያው ይሂዱ፣ ይታሹ! ዳገቱ ላይ ተቆልፎ ገደል ሲከትዎት የእርስዎን ሞት ማን ይለፍፋል? እንደ እትዬ ንግሥት በስምንት ሰው ይቀበራሉ!»

ወዲያው ቆጫት። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«የንግሥት ልጅ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም» አሉ በቀስታ። ከሰልፉም ወጥተው፣ «ነይ፣ አንቺው ውሰጂኝ። ግን ብረት ካየሁ ሮጬ ነው የምወጣው!»

«በየትኛው ጉልበትዎ?»

ካሜራው ገባ፣ ቅዳጁ ወጣ፤ በክራንች በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ያለው የርሆቦት ፍዳ ነበር። «እግርዎን ያንሱ» ስትላቸው «ነገ» እያሉ አንጨረጨሯት። ግን ጉልበታቸው ጠና፤ ዳገቱን ያለ ከዘራ ወጡ።

በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ ጡሩምባው ከላይኛው ሰፈር ጮኸ።

«አቶ ዓለሜ አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት! ደግሞ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ፣ መታሸቱን ትታችሁ ሐኪም ጠይቁ! የሁሉም ሕመም አንድ አይደለም፣ ሕክምናውም አንድ አይደለም! ርሆቦት ታስረዳችኋለች፤ ቤቷ ከወፍጮው ጀርባ ነው!»

«ኧረ በመርዶ መሃል! ጉድ አፈሉብኝ እኮ!» ብላ ርሆቦት ከአልጋዋ ዘለለች።

በሩን ስትከፍት የእትዬ ንግሥት ልጅ ከዘራ ተደግፎ፣ ጉልበቱን ይዞ ቆሟል።

«ጋሽ ጉዲና ልከውኝ ነው» አለ።