የተቆረጠ ሞላ

ማክሰኞ ረፋድ፣ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፤ የመካኒኳ የወይዘሮ ይመኙሻል ጋራዥ ውስጥ የጥርስ ሐኪሙ የበፍርዱ ነጭ ኮሮላ በክሪክ ተነሥታለች፤ አጠገቧ ያልተከፈተ ካርቶን ተቀምጧል፤ ሁለቱ ክርክር ከጀመሩ ቆይተዋል።

በፍርዱ፦ ካርቶኑን ይክፈቱትና ይዩት እንጂ እትዬ ይመኙሻል! ሳያዩ ነው እንዴ የሚንቁት?

ይመኙሻል፦ ለመናቅ መክፈት አያስፈልገኝም። ላዩ ላይ ያለችውን መኪና አየኋት፤ ከኋላዋ እሳት እየተፋች ነው የምትበረው። አንተ የምትመላለሰው ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ነው።

በፍርዱ፦ ኮይሎቨር ይባላል። መኪናዋን የሚሸከመው ሞላና ስትነጥር የሚያረጋጋት ሾክ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ሾኩ ላይ ያለችውን ቀለበት ወደ ላይ ሲያዞሯት መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ወደ ታች ሲያዞሯት ዝቅ ትላለች። ዓለም የደረሰበት ነገር ነው።

ይመኙሻል፦ እግዜር ይስጥህ ዶክተር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ ሳልሰማ ቀርቼ ነበር።

በፍርዱ፦ ስላቁን ይተዉትና በቁም ነገር እናውራ።

ይመኙሻል፦ እሺ፣ በቁም ነገር። አንድ ሰው ክሊኒክህ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ጥርሴን ከዱባይ አስመጥቻለሁ፤ አንተ ዝም ብለህ ትከልልኝ» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

በፍርዱ፦ መጀመሪያ አፉን አየዋለሁ።

ይመኙሻል፦ እኔም የመኪናህን አፍ ልየው። ጎማውን አውጥቼልሃለሁ፤ ጎንበስ በልና አብረን እንይ። ሸሚዝህን ጠብቅ። ይሄ ምንድን ነው?

በፍርዱ፦ ሞላ ነዋ።

ይመኙሻል፦ የሞላ ትራፊ ነው። እስቲ ጫፉን በጣትህ ዳብሰው። ደህና ሞላ ጫፉ ተኝቶ መቀመጫው ላይ ልክ ይገባል። ይሄ የተሰበረ ጠርሙስ ነው የሚመስለው። ማነው የቆረጠው?

በፍርዱ፦ አንድ… ሰው።

ይመኙሻል፦ ስሙን ንገረኝ። ሕዝብ እንዲጠነቀቅ በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ።

በፍርዱ፦ እኔ ነኝ።

ይመኙሻል፦ አንተ? በምን? በጥርስ መሞረጃህ?

በፍርዱ፦ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ተውሼ። ቪዲዮ ላይ በደንብ አጥንቼ ነው። ደግሞ አንድ ዙር ተኩል ብቻ ነው የቆረጥኩት፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሁለት ዙር ነው የቆረጠው።

ይመኙሻል፦ እንግዲያው እኔም ዛሬ አንድ ሁለት ቪዲዮ ልይና ነገ ክሊኒክህ መጥቼ ሰው መንጋጋ ልንቀል። አይዞህ፣ ብዙ አልነቅልም፤ አንድ ተኩል ብቻ።

በፍርዱ፦ እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ዝቅ ብላ ስትቆም አታምርም?

ይመኙሻል፦ ስትቆም? ስትቆምማ ታምራለች። ችግሩ ስትሄድ ነው። ይሄን እየው፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ከውስጥ ልጦታል። ሾኩም ዘይቱን እያለቀሰ ጨርሷል። ሞላው አጥሮ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ከታች ከብረት ጋር እየተጋጨ፣ መከራውን በልቶ ሞቷል። ለማን ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ያደረግኸው?

በፍርዱ፦ እሁድ እሁድ ገርጂ የምንገናኝ ልጆች አለን። ሰባት መኪና ነን።

ይመኙሻል፦ ተገናኝታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

በፍርዱ፦ መኪኖቹን እናያለን።

ይመኙሻል፦ ካያችሁ በኋላስ?

በፍርዱ፦ ፎቶ እንነሣለን።

ይመኙሻል፦ ሠላሳ ምናምን ዓመት የሞላህ ሰው! እሺ፣ እሁድን ገባኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜስ? ማነው የሚቀመጥባት?

በፍርዱ፦ ጠዋት ክሊኒክ እሄድባታለሁ። ማታ እመለስባታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ… ዕቃ እናመላልስባታለን።

ይመኙሻል፦ የምን ዕቃ? ይሄ ከኋላ ወንበር ላይ የደረቀው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጄሶ ነው?

በፍርዱ፦ ክሬም ነው።

ይመኙሻል፦ የምን ክሬም?

በፍርዱ፦ የኬክ። ባለቤቴ ሶስና የሰርግ ኬክ ነው ሥራዋ። ቤት ትጋግረዋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ አዳራሽ አደርስላታለሁ።

ይመኙሻል፦ የሰርግ ኬክ! በዚህች መኪና! በል ጨርሰው፣ አትፈር። ምን ሆነ?

በፍርዱ፦ ያለፈው ሳይሆን ያኛው ቅዳሜ ነው። ባለ አራት ፎቅ ኬክ ነበር። ሶስና ከኋላ ተቀምጣ አቅፋዋለች። ቃሊቲ ጋ ያለውን ጉብታ… ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት፣ ይመኑኝ።

ይመኙሻል፦ መውጣቱን አምንሃለሁ። መውረዱን ንገረኝ።

በፍርዱ፦ ሦስተኛው ፎቅ ሁለተኛው ውስጥ ገባ። አራተኛው ሶስና ጉያ ውስጥ ገባ።

ይመኙሻል፦ ምን አለችህ?

በፍርዱ፦ ክሬሙን ከደረቷ ላይ ጠራረገች፤ የተረፈውን ይዛ አዳራሽ ገባች፤ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ቆማ ባለ ሁለት ፎቅ አድርጋ አስተካከለችው። የሙሽሪት እናት አይታው፣ «የልጄ ሰርግ ነው ወይስ የሕፃን ልደት?» አለቻት። ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ይመኙሻል፦ ከዚያስ?

በፍርዱ፦ ከዚያ ወዲህ ዐሥር ቀን ሆነ። እራት ታቀርባለች። ሳወራ ትሰማለች። አትመልስም።

ይመኙሻል፦ ያለፈው ቅዳሜ ኬኩ በምን ሄደ?

በፍርዱ፦ በላዳ ታክሲ። ኮንትራት ይዛ።

ይመኙሻል፦ በላዳ! እኔ ተማሪ ሳለሁ ያረጀች ላዳ ካንተ መኪና በልጣ ተመረጠች! ይሄንንስ ለገርጂ ልጆች ነገርካቸው?

በፍርዱ፦ ለዚህ እኮ ነው ኮይሎቨሩን ያመጣሁት! ቅዳሜ ከፍ አደርጋታለሁ፤ ኬኩ በሰላም ይደርሳል። እሁድ ዝቅ አደርጋታለሁ። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ይመኙሻል፦ ማነው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው? አንተ? ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙሽሮች እየጠበቁ፣ አራቱንም ጎማ አውጥተህ፣ ቁልፍ ይዘህ መኪና ሥር ትገባለህ? ከፍታው በተቀየረ ቁጥር ጎማው ይዛነፋል፤ እሱንስ በየሳምንቱ ማን ያስተካክልልሃል?

በፍርዱ፦ እለምደዋለሁ።

ይመኙሻል፦ ትለምደዋለህ። ሐምሌ ላይ የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ቀለበቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። መስከረም ላይ ደርቆ እንደ ብየዳ ይይዘዋል። ያኔ መዶሻ ይዘህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ። ለመሆኑ የሞተሩን ዘይት መጨረሻ የቀየርከው መቼ ነው?

በፍርዱ፦ እ… ከፋሲካ በፊት ይመስለኛል።

ይመኙሻል፦ የትኛው ፋሲካ?

በፍርዱ፦ እንዲህ አድርገው አይናቁኝ እንጂ! ጥሩ ኮይሎቨር የለም ነው የሚሉኝ?

ይመኙሻል፦ አለ እንጂ፣ ለምን እዋሽሃለሁ? የውድድር መኪና ላይ ገጥሜዋለሁ። መሬቱን እንደ ድመት ነው የሚይዘው። ባለቤቱ ግን በየወሩ ያጥበዋል፣ ይቀባዋል፣ ልጁን እንኳ እንዲህ አይንከባከብም። ደግሞ የሱ ሠሪው የሚታወቅ ነው። ያንተ ካርቶን ላይ ከእሳቱ በቀር የሠሪው ስም የታለ?

በፍርዱ፦ …ከታች በኩል ይሆናል።

ይመኙሻል፦ አገላብጠው። የለም። ስሙን ለመጻፍ ያፈረ ሰው የሠራውን ዕቃ ነው ከሚስትህ ሥር የምታደርገው።

በፍርዱ፦ እርስዎስ ምን ይገጥሙልኛል?

ይመኙሻል፦ ከፋብሪካው ከመነሻው አጥሮ የወጣ ሞላ፣ ከአዲስ ሾክ ጋር። ጫፉ አልተቆረጠም፤ መቀመጫው ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ስላጠረ ትንሽ ጠንከር ተደርጓል፣ ከታች እንዳይጋጭ። ሁለት ሴንቲ ያወርዳታል። ቀለበት የለው፣ የሚዞር የለው። ገጥመህ ትረሳዋለህ፤ አንተ ደግሞ መርሳት ላይ ጎበዝ ነህ።

በፍርዱ፦ ሁለት ሴንቲ! ሁለት ሴንቲን ማን ያየዋል? ገርጂ ይስቁብኛል።

ይመኙሻል፦ እኔስ አሁን ምን እያደረግሁ መሰለህ? በል፣ ጎማውን እስክመልስ ያቺን ጆግ ከቧንቧው ውኃ እስካፏ ሞልተህ አምጣ።

በፍርዱ፦ ለምን?

ይመኙሻል፦ ሶስና የተቀመጠችበት ቦታ ትቀመጣለህ። እኔ እነዳለሁ። ጆጓ ኬክህ ናት።

በፍርዱ፦ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው።

ይመኙሻል፦ ገርጂ ከመቆም አያንስም። ግባ። ቁልፉን ወዲህ በል።

በፍርዱ፦ ገብቻለሁ። እስከ አፏ ሞልታለች፣ ቀስ ብለው ይውጡ… እትዬ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ…

ይመኙሻል፦ በሃያ ነው የምሄደው። ምን ሆንክ?

በፍርዱ፦ እየፈሰሰ ነው! ጉብታ አለ እኮ፣ ይታይዎታል? እትዬ ይመኙሻል፣ ጉብ… ኧረ በእግዚአብሔር! ወገቤን!

ይመኙሻል፦ ሱሪህስ?

በፍርዱ፦ በሰበሰ። ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ይሄ… ከፊት ሆኜ ስነዳ እንዲህ አይሰማኝም ነበር።

ይመኙሻል፦ አይሰማህማ። አንተ መሪ ይዘሃል፤ ጉብታው ሲመጣ አይተህ ትዘጋጃለህ። እሷ የምታየው ኬኩን ነው። አንድ ዙር ልጨምርልህ?

በፍርዱ፦ በቃኝ። ይመለሱ።

ይመኙሻል፦ ውረድ። ጆጓን እንደገና ሙላ፤ አሁን በዚያችኛዋ ነው የምንሄደው፣ ጣሪያው ሥር በቆመችው ሰማያዊ።

በፍርዱ፦ ያቺ የማን ናት?

ይመኙሻል፦ የኔ። በየቀኑ ከነ ዕቃ ሣጥኔ የምትሸከመኝ።

በፍርዱ፦ ቆይ… ቆይ እንጂ። ይቺ ዝቅ ያለች ናት!

ይመኙሻል፦ ሁለት ሴንቲ። ማንም አያየውም ብለህ አልነበር?

በፍርዱ፦ ታዲያ እስካሁን ሲሰድቡኝ የቆዩት ምኔን ነው?

ይመኙሻል፦ ዝቅ ማለቷን መቼ ሰደብኩ? የሰደብኩት አቆራረጥህን ነው። ዝቅ ያለ መኪና ዓይን የሚገባው ለአንተ ብቻ መሰለህ? ይቺን ገጥሜ የጨረስኩ ዕለት መንገዱ ማዶ ተሻግሬ ቆሜ ስንት ሰዓት እንዳየኋት አልነግርህም። ግባ።

በፍርዱ፦ ያው ኮብልስቶን ነው? …አዎ፣ ያው ነው። ይሰማኛል፣ ግን አይመታም። ጉብታው መጣ፣ ያዝኩ… አለፍነው?

ይመኙሻል፦ አልፈነዋል። ጆጓን አሳየኝ።

በፍርዱ፦ ሁለት ጣት ያህል ጎደለች። ጭኔ ላይ ትንሽ ነው የፈሰሰው።

ይመኙሻል፦ የድሮው ሞላህ ቢሆን አንድ ጣት ነበር የሚጎድላት፤ እሱንም ልንገርህ፣ እንዳታለልኩህ እንዳይመስልህ። ትንሽ ታንገጫግጫለች። የዝቅታዋ ዋጋ ይሄው ነው። ይሄን ሶስና ትችለዋለች ካልክ እገጥምልሃለሁ።

በፍርዱ፦ ትችለዋለች። አጭሩ ሞላ ይሁን። ከአዲስ ሾክ ጋር። ካርቶኑን ለገርጂ ልጆች እሰጣቸዋለሁ።

ይመኙሻል፦ ምን በደሉህ? በል ሊብሬውን አምጣ፤ ሞላው ልኳ እንዲሆን የሻንሲ ቁጥሯን ልመዝግብ… ይቺ ሶስና መኮንን የምትባለው ማናት?

በፍርዱ፦ ባለቤቴ ናት አልኩዎት እኮ።

ይመኙሻል፦ ባለቤትህ መሆኗን ነግረኸኛል። የመኪናዋ ባለቤት መሆኗን ግን አሁን ነው የማነበው።

በፍርዱ፦ …በኬኩ ሥራ ነው የገዛቻት። ክሊኒኬ ሩቅ ስለሆነ እኔ እይዛታለሁ።

ይመኙሻል፦ ሞላዋን ስትቆርጥ አስፈቅደሃታል?

በፍርዱ፦ እህቷ ጋ ሄዳ ነበር።

ይመኙሻል፦ አሃ! ሴትዮዋ ዘወር እስክትል ጠብቀህ ንብረቷን ቆረጥህ። ኬኩ ሲወድቅስ ምን አልካት?

በፍርዱ፦ መንገዱ ነው አልኳት። ጉብታው በማታ ተጨምሮበታል አልኳት።

ይመኙሻል፦ ኧረ ወንድነት! እንኪያስ ሞላውን አንተ የምትመርጠው ምን ስለሆንክ ነው? ደውልላት።

በፍርዱ፦ ስልኬን አታነሳም።

ይመኙሻል፦ በኔ ስልክ ደውል። እንካ። ካላነሳች መኪናዋን እንዳለች አቆያታለሁ፤ ሰው በሰው ንብረት ሲመርጥ እኔ ብሎን አልፈታም።

በፍርዱ፦ እየጠራ ነው… ሄሎ? ሶስዬ፣ እኔ ነኝ፣ እባክሽ አትዝጊው። ሳሪስ ጋራዥ ነኝ፣ የመካኒኳ ስልክ ነው። አዎ፣ መኪናሽን ይዤ። ሶስዬ፣ መንገዱ አይደለም። ጉብታውም ድሮም የነበረው ነው። ሞላውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አንቺ እህትሽ ጋ የሄድሽ ጊዜ… አዎ። አዎ፣ በቤታችን ግቢ። ዛሬ አንቺ የምትቀመጪበት ተቀምጬ ሄድኩ። አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ፊት የተዋረድሽው በኔ ነው… እሺ። እሺ፣ እሰጣታለሁ። እትዬ፣ እርስዎን ነው የምትፈልገው።

ይመኙሻል፦ አቤት የኔ እመቤት… አዎ፣ ተቆርጧል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ… ሁለት አማራጭ አለሽ፤ እንደ ድሮዋ ከፍ አድርጌ ልመልሳት፣ ወይ በደህና አጭር ሞላ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ትበል… ለኬክ? ትንሽ ታንገጫግጫለች፣ አትመታም፤ በውኃ ሞክረናል… እሱማ እስከ ካልሲው ረጥቧል… እንዴታ! ሐሙስ ትደርሳለች… ገባኝ። ይሄንንማ በደስታ። ደህና ዋይ።

በፍርዱ፦ ሳቀች አይደል? ሳቋን ሰማሁት። ምን አለች?

ይመኙሻል፦ «አጭሩን ሞላ ግጠሚባት፤ ዝቅ ስትል እኔም ደስ ትለኛለች። ቁልፉን ግን ለእሱ እንዳትመልሺ፤ ሐሙስ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለች።