የመጨረሻው ሰው አያሳልፍም

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ማን? ሰብሊ? ሰብሊዬ! ቆይማ ልጄ፣ እዚህ ጋ አይሰማም፣ ወደ ጓዳ ልግባ። እንዳትዘጊው!

(ዝም በሉ! በእመቤቴ፣ ዝም በሉልኝ፣ የልጅ ልጄ ናት፣ ከቡሬ። ምንም አልሰማችም፣ ድምጿ ደህና ነው። ገላነሽ፣ ሸጋዬን ያዥልኝ። አፏን በነጠላ ያዥልኝ አልኩሽ፣ እናቷ ስታለቅስ ከሰማች አለቀልን።)

— አለሁ፣ አለሁ። አሁን ትሰሚኛለሽ?... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ነው እንጂ፣ እሱማ ያው ነው። አንቺስ? በላሽ?... ምን በላሽ?... ሽሮ ብቻ?... ድምፄ? ድምፄ ምን ሆነ?... ጉንፋን ነው። በዚህ ነፋስ ያላሳለ ሰው አለ እንዴ? ክፉ አይይሽ ልጄ።

— አባትሽ?... ስልኩ ዝግ ነው አለሽ?... ይሆናላ። ባትሪው ነዋ፣ ያ ባትሪ መቼ ውሎ ያውቃል። ጠዋት ነው የወጣ፣ የዚያን የአዲሱን ሆቴል ማስታወቂያ ሊጽፍ። አዎ፣ ፎቁን። እና ሥራ ላይ ነው። መሰላል ላይ የወጣ ሰው ስልክ ያነሳል እንዴ? እደጊልኝ፣ እደጊ።

— ለምን ነበር የፈለግሽው?... የምን ካርታ?... የእንስሳቱን!... አንቺ ነሽ የወሰድሽው? እኔ ቤቱን ስፈትሽ፣ አልጋ ሥር ስገባ፣ አይጥ በልቶት ይሆናል ስል... አይ አንቺ ልጅ! ነግሮ መውሰድ ምን አለበት?... ማን? ወይኒቱ? አብራሽ የተከራየችዋ?... እህቷም አለች። እና ልታስተምሪያቸው ተቀምጠሽ የጨዋታው ሕግ ጠፋብሽ። እሱ ባያነሳ ጊዜ እኔን... ቆይማ ሰብሊ፣ አንዴ፣ ሰው መጣ።

(ገላነሽ፣ ስለ ልጄ ስለ ደረሰ ካርታ ነው የምትጠይቀኝ። ልጄ በእጁ ስለሳለው ካርታ! አባትሽ ጠዋት ከመሰላል ወድቆ ሞተ የምላት በየትኛው አፌ ነው? መርዶ በስልክ ይነገራል? እዚያ ያሉት ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ማን ደግፎ ይይዛታል? በአንቺ ስልክ ለይታገሱ ደውይለት፣ ከንስሐ አባታችን ጋር የት እንደደረሱ ጠይቂው። ወንድሙን ልሸኝ ሳይል እሷን ሊያመጣ የሄደው ለዚህ አይደለም? እስኪደርሱ ከቤት እንዳትወጣ እኔ በወሬ አቆያታለሁ። በወሬ ልያዛት፣ ምን ላድርግ።)

— አለሁ። ገላነሽ ናት፣ ጨው ልትበደር መጥታ። ተባረኪ። በይ፣ ካርታውን አምጭው። አጠገብሽ ነው?... ሁሉም አለ?... እስካሁን ቀለም ቀለም ይላል?... እስቲ አሽትቺው።... ይላል። እህ።... አይ፣ ምንም፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ። ያ ቢጫው ለቀበሌው ንቡን ሲስል የተረፈው ቀለም ነው። ካርቶኑ የዘይት ካርቶን ነው፣ እኔ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩት፣ ለዚያ ነው የተንጋደደው። በውሃ እጅ እንዳትነኩት። አንዷም እንዳትጠፋ።... ብትጠፋ ሌላ ይስላል?... አዎ። ይስላል። እደጊ።

— በይ ስሚ። አልቸኩልም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ። መጀመሪያ ይበወዛል። ከዚያ ለሁሉም እኩል ይታደላል፣ ትርፍ ካለ ይተዋል። ሦስት ከሆናችሁ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ሰው አይሆንም። የየራስሽን ለብቻሽ ታያለሽ። ጅብ አለ፣ አህያ፣ ጦጣ፣ አይጥ፣ እባብ፣ ቁራ፣ ጃርት... ማን ቀረ?... እንቁራሪት! አዎ። እያንዳንዱ ስምንት ስምንት ነው።... ወይኒቱ ምን አለች?... ጅቡ ውሻ ይመስላል? እኔስ መቼ አጣሁት። ውሻ አስመሰልከው ብለው፣ «እማ፣ ጅብም ቀን ቀን እንዲህ ነው» ብሎ አሳቀኝ።... አዎ፣ ሳቂ። ሳቂ ልጄ፣ ልስማሽ።

(ምን አለ? ማንኩሳ? ገና ማንኩሳ ናቸው? ቡሬ አልገቡም? ምን ሲያደርጉ ቆዩ! ሹፌሩን ትንሽ ፍጠን በለው በይው። አይ፣ አይፍጠን፣ ቀስ ብሎ ይንዳ። ሌላ ሰው እንዳናጣ።)

— የት ደረስን?... ታደለ። እሺ። ተራው የሆነ ሰው ከያዘው አንዷን ይመርጥና ፊቷን ደፍቶ ለፈለገው ሰው ይገፋለታል። ሲገፋ ስም ይሰጣታል፣ «ቁራ ናት» ይላል። ቁራ ልትሆን ትችላለች። ላትሆንም ትችላለች። መዋሸት ይፈቀዳል፣ ጨዋታውም እሱ ነው።... አዎ፣ ለቄሱ እንዳትነግሪ።

— የተገፋላት ደግሞ ታስባለች። ዓይን ታያለች፣ እጅ ታያለች። ከዚያ ወይ «እውነት» ትላለች፣ ወይ «ውሸት» ትላለች፣ ትገልጣለች። ካወቀች ካርታዋ ለሰጪዋ ትመለስና ፊቷ ተገልጣ ትቀመጥባታለች። ካላወቀች እዚያው እሷ ፊት ትቀራለች። አንድ ዓይነት እንስሳ አራት የተደረደረባት፣ በቃ፣ ተሸነፈች።... አሸናፊማ የለውም። የሚሸነፍ ብቻ ነው ያለው። አባትሽን ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብለው...

— ምኑ?... ኳ ኳ የሚለው?... ጎረቤት ነው። አጥር እየሠራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ጆሯችንን... ክፉ አይንካሽ ልጄ።

(ባምላኩን በሉት፣ የድንኳኑን ካስማ መምታቱን ትንሽ ይታገሰኝ! ዕድሩ ከጠየቀ ያስቆምኩት እኔ አደይ ነኝ፣ እንዲያ ይበል።)

— ቀጥይ። ፍርዱን የፈራች እንደሆነ ሌላም መንገድ አላት። ለብቻዋ አየት ታደርጋትና፣ መልሳ ደፍታ፣ ላላየ ሰው ታሳልፋለች። ስሙንም ልትቀይር ትችላለች። ቁራ ተብላ የመጣችውን «የለም፣ ጦጣ ናት» ብላ። ያኛዋም እንዲሁ። እንዲህ ስትዞር ስትዞር...

— እኔ? እኔ ለምን ሁልጊዜ እሸነፍ ነበር? እናንተ ናችሁዋ! አባትና ልጅ ተማክራችሁ። ያን ክረምት በዝናቡ ከቤት መውጣት አቅቶን፣ ይሄው ጅቡ ሁሉ እኔ ፊት ይሰበሰባል፣ እናትሽ ትስቃለች።... ምን?... እኔ ምን አደርጋለሁ?... ስዋሽ እመርቃለሁ?... ማን አለ?... አባትሽ! እሱ ነው የነገረሽ?... «እማ ካርታ ሰጥታሽ እደጊ ካለችሽ ውሸት ነው»... በስመ አብ! ይሄን ሁሉ ጊዜ? እኔኮ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ከአፌ የሚወጣውን መቼ...

— ሰብሊ?... ሄሎ?... ሄሎ፣ ተቋረጠ እንዴ?... አለሽ። ምን ትቆጥሪያለሽ?... ዛሬ? ዛሬ መረቅኩሽ እንዴ?... ስንቴ?... አንቺ ደግሞ! አያት የልጅ ልጇን ብትመርቅ ይሄ ነገር ሆኖ ይቆጠራል?

— እናትሽ... እናትሽ የለችም። ወፍጮ ቤት ሄዳለች።... ምን ትጠብቂያለሽ? ይኸው አልመረቅኩም እኮ!... የማን ድምፅ?... እኔ ምንም አልሰማሁም።

(አፏን! አፏን አልኳችሁ እኮ!)

— ምን አልሽ?... «ካርድሽ እንዳያልቅ ዝጊው» አላልኩሽም?... አዎ፣ ሁልጊዜ እላለሁ። ዛሬ... ዛሬ ናፈቅሽኝ። ሰው የልጅ ልጁ አትናፍቀውም? ሁልጊዜ እያጣደፍኩ ስዘጋብሽ ኋላ ይቆጨኛል። ይሄ ውሸት አይደለም። ይሄ እውነት ነው።

— የት?... መናኸሪያ? አይሆንም! ሰብሊ፣ አይሆንም! ቁጭ በይ! ማን አለሽና ነው በዚህ ሰዓት... ትምህርትሽስ? መኪና ውስጥ የሚሳፈረውን ሰው ታውቂዋለሽ? የእኛ የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ አባትሽን ያውቀዋል፣ አንዱ አፉ ያመለጠው... ምንም! ምንም አላልኩም!... አትነሺ። እባክሽ ልጄ፣ ጫማሽን አታድርጊ። ካርታውን መቼ ጨረስኩልሽ? አንድ ሕግ ይቀራል። ዋናው ሕግ፣ እሱን ሳታውቂ ጨዋታው ይበላሻል። ቁጭ በይና ልንገርሽ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ።

(የት ነው? ቡሬ ገቡ? ሰፈሩ ጠፋቸው? ከወፍጮው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር በይው! ሰማያዊው በር!)

— ተቀመጥሽ?... ወይኒቱ አጠገብሽ ናት?... ይሁን። ስሚ። ካርታዋ ትዞራለች ብዬሻለሁ። አንዴ ያያት ሰው መልሶ አይቀበላትም። ከአንዱ ወደ አንዱ ስታልፍ ስታልፍ፣ ሁሉም አይተዋት አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። እሱ፣ ያ የመጨረሻው፣ አይቶ ማሳለፍ አይችልም። ለማን ያሳልፋል? ያላየ ሰው የለማ። እውነት ናት ወይ ውሸት ናት ብሎ መግለጥ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሰው አያሳልፍም። ይሄው ነው። አባትሽ ነው ያወጣው።

— ...ምን?

— «አባቴ ሥራ ላይ ነው» የምትለውን ካርታ... ሰብሊ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም።... አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። አውቃለሁ።

— ማን ማን አይቷታል?... እናትሽ... አዎ። አይታታለች።... ገላነሽም አይታታለች።... አያ ይታገሱሽም።... እኔም ልጄ። ከሁሉም በፊት እኔ።... ሰፈሩም። አዎ። አጥር የሚሠራ ሰው የለም።... አንቺ ነሽ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽ።

— ...ውሸት አልሽ።

— አወቅሽ። ለእኔ ትመለስ። እኔ ፊት ትቀመጥ።... አይ! አይ፣ አሁን አትጠይቂኝ፣ ሰብሊ፣ ገና አትግለጫት። ብቻሽን አትግለጫት ልጄ፣ ለዚህ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የዋሸሁ፣ ሰው እስኪደርስልሽ፣ ክንድ እስኪደርስልሽ...

— በሩ ነው?... ማን ነኝ ይላል?... ይታገሱ። ብቻውን ነው?... ከንስሐ አባታችን ጋር። ተመስገን። ተመስገን። ክፈችላቸው።... አዎ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀው... አዎ ልጄ። ለዚያ ነው። ስልኩን ለወይኒቱ ስጫት። ስጫት፣ እኔ የትም አልሄድም።

— ሄሎ፣ ወይኒቱ? የሰብሊ አያት ነኝ፣ አደይ እባላለሁ። አታልቅሺ፣ አሁን አታልቅሺ፣ ስሚኝ። ከኋላዋ ቁሚ። ብብቷ ሥር ያዣት፣ በሁለት እጅሽ። መሬት እንዳትወድቅብሽ፣ ደረቷን እንዳትደቃ። እህትሽ ካርታዎቹን ከመሬት ታንሳ። በእግር እንዳይረግጧቸው፣ እንባም እንዳይነካቸው፣ ቀለሙ ይለቃል። አንዷም እንዳትጠፋ። ያዝሻት?... ያዣት...

— ሰማሁ።... ሰማሁ ልጄ። እሷ ናት። ተያት፣ ትጩህ፣ ብቻ አትልቀቂያት። ዝጊው በቃ።

(ሰምታለች። ሸጋዬን ልቀቋት። አፏን ልቀቁላት፣ ታልቅስ። ባምላኩም ካስማውን ይምታ።... ገላነሽ፣ ስልኩን ተቀበይኝ። ነይ፣ አሁን እኔን ያዥኝ።)