የሙት ዓመቱ ታኮ

ሊዮካዲያ ለእናቷ ሙት ዓመት ከሜክሲኮ ሲቲ የመጣችው ጠዋት ነው። «ታኮውን እኔ ነኝ የምሠራው» ብላ ማንንም ወጥ ቤት ሳታስገባ ይህን በእጅ የሚበላ እጥፍ ቂጣ ሠራች፤ እንግዳውም በልቶ፣ ቢያንስ ሊበላ ሞክሮ፣ ሄደ። አሁን ወጥ ቤት ውስጥ የእናቷን የታኮ ቅርጫት አንስታ ልትመለስ ነው። መውጫው ግን ደጅ ባለው የእቃ ማጠቢያ ገንዳ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ታላቅ እህቷ ኤዱቪጌስ ከአበልጇ ከዶሚቲላ ጋር ሰሃን ታጥባለች። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑን ኤዱቪጌስም ታውቃለች፤ እያወቀች ለአበልጇ ታወራለች።

«ዛሬስ ቀኑ ደህና ዋለልን፣ አበልጄ። ዝናብ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዶሮዎችሽ እንቁላል ጀመሩ? ... ተመስገን ነው። እስቲ ማንኪያዎቹን አቀብይኝ። ዛሬ መቼም ማንኪያው በዛ። እዚህ ሳን ቪሴንቴ ውስጥ ታኮ በማንኪያ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዕድሜዬ ገና ዛሬ አየሁ። የሠለጠነ ሰው ሲሠራው እንዲህ ነው ለካ... እጅ አያቆሽሽም።

ልስላሴውስ? አባባ ፊሌሞን ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ እንዲህ የሚስማማቸው ምግብ አላገኙም። ‹ሾርባው ግሩም ነው› አሉኝ። ታኮ ነው ብዬ ላሳፍራቸው? ጨለፍ አድርጌ ጨመርኩላቸው።

እኛማ ምን እናውቃለን። ቂጣውን ትኩስ ትኩሱን ድንችና አደንጓሬ እያደረግን እናጥፋለን፣ ቅርጫት ውስጥ እንደረድራለን፣ በርበሬ የገባበት የጋለ ዘይት እናፈስበታለን፣ በላስቲክና በጨርቅ ሸፍነን እንተወዋለን። በራሱ ሙቀት ያልበዋል፣ በቃ። እሳት ላይ መጣድ፣ ከሥሩ ውሃ ማፍላት፣ በየደቂቃው ክዳን ከፍቶ ማየት... ይሄ ሁሉ ጥበብ እኛ ጋ አልደረሰም። አንዳንድ ሰው ግን ከተማ ሲኖር ስንቱን ይማራል። ማስተማርም ጀምራለች አሉ። የሰፈሯን ሴቶች ቤቷ ሰብስባ፣ ‹የእናቴ እጅ ነው› እያለች ታሳያቸዋለች አሉ። እጇን መቼ እንዳየችው እንጃ... በህልሟ ይሆናላ። እማዬ ደግ ነበረች፣ ለሁሉም ብቅ ትላለች።»

ሊዮካዲያ ቅርጫቱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሾርባ መባሉስ ያልፋል። ከእናቷ የቀረላት አንድም ነገር ስለሌለ ነው ቅርጫቱን የፈለገችው፤ ይህን ለእህቷ እንዴት ብላ ትንገራት? አፈረች።

«የከተሜዋን ውለታ ግን አልረሳም፣ አበልጄ። እማዬ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ስልኳ ተቋርጦ አያውቅም። ‹እንዴት አደረች?› ትለኛለች። ‹እንዴት አሳደርሻት?› ብላ ግን አንድም ቀን አላስቸገረችኝም... የሰው ድካም ይገባታላ። የቀብሩ ቀንም እሷ ሥራ ይዟት ቀረች እንጂ አበባዋ በሰዓቱ ደርሷል። ቁመቱ የሰው ያህል ነበር፣ በበር አልገባ ብሎ ውጭ አቆምነው። ሰዉ ‹ትንሿ ልጅ የታለች?› ሲለኝ፣ ‹ይቺውና› ብዬ አበባውን አሳየሁ። ምን ልበል?

ቅርጫቱን ትውሰደው ብያለሁ። ለምን እከለክላታለሁ? እማዬን እኔ ወስጃት የለ? ሳነሳት፣ ሳስተኛት፣ ሳጥባት፣ ማንም አልተሻማኝም። ቅርጫት ደግሞ ጥሩ ነው... አያቃስት፣ አገላብጡኝ አይል።»

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሊዮካዲያ ባዶ እጇን ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ዶሚቲላ አንገቷን ደፍታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ኤዱቪጌስ እጇን በሽርጧ አደራረቀች፣ ትንሿን እህቷን አቅፋ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመቻት፣ ፊቷን ግን ወደ አበልጇ መለሰች።

«ብቻ እሷን ክፉ አይንካት፣ አበልጄ። ዕድሜዋን ያርዝመው። አርጅታ አልጋ ላይ ስትውልም ጧሪ ቀባሪ ልጅ አያሳጣት... ልክ እንደ ራሷ ያለች። አሜን በይ እንጂ።»