የአሥራ አንድ ብስክሌት አደራ

የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ፊደልና ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አል-ማንሺያ ድረስ እየሄድኩ የአንድ ሀብታም ቤት ልጅ አስጠና ነበር። ያን ቀን ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ሌላ ሱሪ ኪስ ውስጥ ረስቼ ወጥቻለሁ። ለተማሪዎቼ "ወረቀታችሁን ሳትይዙ ደጅ አትውጡ" እያልኩ ጠዋት ማታ የምለፈልፈው እኔው ነኝ እንግዲህ።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ስደርስ ጋሽ ፍቅርተማርያምን ለብቻቸው ቆመው አገኘኋቸው። ካርቱም ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የአንድ ትልቅ ቪላ ዘበኛ፣ በማኅበራችንም የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ዛፉን ተደግፈው የእሳቸውን ጨምሮ አሥራ አንድ ብስክሌቶች ቆመዋል። የሻይ ሻጯ የዝናሽ ምድጃ ከሰሉ ገና አልጠፋም፤ ዝናሽ ግን የለችም።

የዚያ ሰፈር አሠሪዎች የሠራተኛ ብስክሌት ግቢያቸው እንዲገባ አይወዱም። ስለዚህ ከአል-ሳሃፋና ከአርካዊት እየጋለቡ የሚመጡት የኛ ዘበኞችና ወጥ ቤቶች ብስክሌታቸውን ዛፉ ሥር ያቆሙና ለዝናሽ "አደራ" ብለው ይገባሉ። አብዛኞቹ ቁልፍ እንኳን የላቸውም። አደራዋ ቁልፋቸው ነበር።

"ምን ሆነው ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ከሻ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከሻ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው በቦክሲ፣ በፖሊስ ፒክአፕ ማለት ነው፣ ከመንገድ የሚለቅም አፈሳ ነው። "የፖሊሶቹ ቦክሲ በላይኛው መንገድ ስታልፍ ሻይ ሻጮቹ ሁሉ ተበተኑ። ዝናሽ ብቻ ብስክሌቶቹን ትታ አልሄደችም። እኔ ለሥራ ስመጣ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ደረስኩ። 'ጋሼ፣ አደራ' አለችና በጓሮ በኩል ሮጠች። ይኸው እዚህ ተተክያለሁ።"

"ሥራዎስ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑን ዘበኛ መቀየር ነበረብኝ። አሁን ዘጠኝ ከሩብ ነው። የቤቱ ኃላፊ፣ ያ ሂሻም፣ 'አንድ ቀን ደግመህ ብታረፍድ ኻላስ፣ በቃ' ብሎኛል። ኢቃማዬ በዚያ ቤት ነው የወጣልኝ። ከሥራ ወጣሁ ማለት ቦክሲዋ ላይ ወጣሁ ማለት ነው።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ "እባክዎ መምህር፣ ለጥቂት ጊዜ እርስዎ ይቁሙልኝ" አሉኝ።

ባዶ ኪሴን ዳበስኩና "ተማሪዬ ይጠብቀኛል" አልኳቸው። ሰው አስተምራለሁ የምል ሰውዬ ይህን ያህል ፈሪ መሆኔ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚህ መሐል ቢኒያም እየሮጠ መጣ። ቢኒያም ካርቱም ተወልዶ ያደገ፣ ቴክኒክ ኮሌጅ የጨረሰ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ከዛፉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ኦመር በሚባል ሱዳናዊ ባለሱቅ ሖሽ፣ ማለትም ግቢ ውስጥ፣ የብስክሌት ማቆሚያ ከከፈተ ወር አልፎታል። ጋሽ ፍቅርተማርያም ግን ማንም እንዳይሄድ በየቤቱ እየዞሩ መክረውበታል።

"ጋሼ፣ ቦክሲዋ ተመልሳ እየመጣች ነው። ዋላሂ በዓይኔ አይቻታለሁ። ያላ፣ ብስክሌቶቹን ሖሽ እናስገባ።"

"ልጄ፣ ትጋትህን አልንቅም" አሉ ሽማግሌው። "ግን ስንት ጊዜ ልንገርህ? ሰው አደራ ከተቀበለ ተቀበለ ነው። ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ስጠኝ ማለት 'አላምንህም' ማለት ነው። ደግሞስ ስማችንን በደብተር አስፍረህ አንድ ቀን ደብተሩ ሹርጣ፣ ፖሊስ እጅ ቢገባ? በገዛ እጃችን አንገታችንን መስጠት አይደለም?"

"ስም አልጽፍም፣ ጋሼ። ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ቁጥር። አንዱ ብስክሌቱ ላይ ይታሰራል፣ አንዱ እርስዎ ኪስ ይገባል። እሱን ያልያዘ ሰው ወንድሜም ቢሆን ብስክሌት ይዞ አይወጣም። ማሰሪያ ብረቱን በሲሚንቶ ነው የተከልኩት። አጥር አለ፣ በር አለ፣ ከንጋት እስከ ማታ ጠባቂ አለ። ፈቃዱ በኦመር ስም ስለሆነ ሹርጣ የሚጠይቀን ነገር የለም።"

"እኔስ ብሆን ሰንሰለት አለኝ።"

"ሰንሰለትዎ የያዘው የፊት ጎማውን ብቻ ነው። ሌባ ጎማውን ይፈታና ሌላውን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ በደቂቃ እፈታዋለሁ። ቁልፍ ማለት የኋላ ጎማውንና ዋናውን ብረት አንድ ላይ ከማይነቀል ነገር ጋር የሚያስር ነው።"

"እኔ የምፈራው ሌባውን ብቻ አይደለም። መተማመናችንን ሌባ ሳይሆን እኛው እንዳንጨርሰው ነው" አሉ ጋሽ ፍቅርተማርያም። በዚህ አልፈርድባቸውም። በሰው ሀገር መተማመን ከጠፋ ምን ይቀረናል?

ቢኒያም ግን አልለቀቃቸውም። "ታዲያ አሁን ለምን ትተዋቸው አይሄዱም?"

"አደራ ተቀብዬ እንዴት ብዬ?"

"ስንት ጊዜ ቆሙ?"

"ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።"

"በሩብ ሰዓት ፊትዎ እንዲህ ሆኗል፣ ያውም ኢቃማ ኪስዎ ውስጥ እያለ። ዝናሽ ያለ ኢቃማ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ናት፣ በየቀኑ። እዚሁ ዛፍ ሥር የሙላቷ ብስክሌት የጠፋ ጊዜስ፣ ጋሼ? ዝናሽን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ያስማላት ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው።

"ከማለች በኋላ ሰው ሻይዋን ጠጣላት?"

"ብዙ ሰው ሸሻት።"

"አሁን ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል እርስዎንስ ማን ያምንዎታል? አደራ ተቀባይዋን ከሐሜት የሚያድናት ይኸው ቆርቆሮ ነበር።"

ወዲያው የሞተር ድምፅ መጣ። ቦክሲዋ ከማዕዘኑ ዞራ ወደ እኛ አቅጣጫ ቀስ እያለች ተነዳች። እኔ አጎንብሼ የማላውቀውን ሰው ጎማ ነፋስ እንዳለው የማይ መሰልኩ። ከኋላ የተጫኑት ሴቶች ፊታቸውን ሸፍነው አቀርቅረዋል። ሹፌሩ ወደ ጭር ያለው የሻይ ቦታ አየና አለፈ።

ጋሽ ፍቅርተማርያም መኪናዋ እስክትሰወር በዓይናቸው ተከተሏት። "ዝናሽ ከውስጥ ትኖር ይሆን?" አሉ። ማናችንም አላየንም። "ቦክሲዋ መጀመሪያ ያለፈች ጊዜ ሮጣ ቢሆን ኖሮ አሁን ይህን አልጠይቅም ነበር። ያቆምናት እኛ ነን።" ከዚያ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ብስክሌት ሰንሰለት ፈቱና "ያላ ልጄ፣ ግፋ" አሉት።

ሦስታችን እየተመላለስን አሥራ አንዱንም አስገባን። እኔ የገፋሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ቢኒያም በአንድ እጁ አንድ፣ በሌላው ሌላ እየገፋ ነበር የሚሮጠው። ሂሻም የቪላው በር ላይ ቆሞ ለጋሽ ፍቅርተማርያም ሰዓቱን አሳያቸውና ይህ የመጨረሻው መሆኑን ነግሮ አስገባቸው። ቢኒያም ደግሞ ዛፉ ሥር ተመልሶ ባለቤቶቹ ከሥራ ሲወጡ የየብስክሌታቸውን ምልክት እያስነገረ ቆርቆሯቸውን አደላቸው። ወጥ ቤቱ ስለሺ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር አሉ፤ ብስክሌቱ በብረት ታስሮ ሲያየው ግን ለነገም ቦታ እንዲይዝለት ለመነ።

የዚያ ማቆሚያ ጥቅም በኋላ ለሁላችንም ታየ። ሥራ ቦታ ሆኖ በየሰዓቱ በአጥር ላይ የሚያንጋጥጥ ሰው ጠፋ። ብስክሌት ጠፋ ብሎ ጎረቤቱን የሚያስምል ጠፋ። ጋሽ ፍቅርተማርያም ራሳቸው እያንዳንዱን አዲስ መጤ ሰው "ቆርቆሮ ተቀበል፣ የኋላ ጎማውን ከነብረቱ እሰር" እያሉ መካሪ ሆኑ፤ አንዳንዴም ቢኒያምን እስኪሰለቸው ድረስ።

ያን ሌሊት ግን ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ እሳቸውም የቪላው በር ላይ ሆነው መኪና ባለፈ ቁጥር ሲደነግጡ አደሩ። ጠዋት ከሥራ እንደወጡ መጥተው ወሰዱኝና አል-ሳሃፋ፣ ዝናሽ በተከራየችው ክፍል በር ላይ ቆምን። ኢቃማዬን ሁለት ጊዜ ዳብሼ ነበር የወጣሁት። በሩን አንኳኩ። መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ።

"ዝናሽ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ፍቅርተማርያም።"

ከውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ በሩ ሳይከፈት፣ "ጋሼ፣ ብስክሌቶቹስ?" አለ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"ሁሉም ደኅና ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አደራ አይልሽም፣ ማቆሚያ አግኝተንላቸዋል። ስላስማልኩሽ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

ውስጥ ለቅሶ ተጀመረ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

"ቦክሲዋ ስትመጣ ደግሞ፣ ብስክሌት አትዪ፣ ጋሼም አትዪ" አሉ። "ሩጪ።"